ሞገዱ የማን ነው? ስለ ራዲዮ ጣቢያ ፈቃድ የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግራችን ርእስ የራዲዮ ማሠራጫ ጣቢያ ፈቃድ ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲሰሙት የማመልከቻና የቴምብር፣ የማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ጉዳይ ይመስላል። ዳሩ ግን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ሰው የሕዝብን ጆሮና የመንግሥትን አፍ በአንድነት የሚመለከት፣ አንዳንድ ጊዜም የብዙ ሰው ሕይወት የሚተርፍበት ወይም የሚጠፋበት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። አበው «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» እንዳሉት እኛም ከሥሩ እንጀምራለን። ነገሩን በምሳሌ ለመግለጽ ያህልም ከወልድያ በስተሰሜን፣ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኘውን የቆቦን ከተማና በዙሪያው የተዘረጋውን የራያን ቆላ እንመለከታለን።

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። በምዕራቧ የደጋው ገደል፣ በምሥራቋ የዞብል ተራራ ቆመዋል። የሜዳው ገበሬ ማሽላና ጤፍ ያመርታል። በማሳው ላይ በቀጥታ የሚወርደው ዝናም አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ክረምት በገባ ጊዜ ከደጋው የሚወርደውን የጎርፍ ውኃ በቦይ እየጠለፈ ወደ እርሻው ያስገባል። ጎሊናና ሆርማት የተባሉት ወንዞች በዚህ ሜዳ የታወቁ ናቸው። ጎርፉ ግን የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ነው። የላይኛው ባለማሳ ቦዩን ከፍቶ ቢተወው የታችኛው ማሳ ሳይጠጣ ይቀራል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ የከፈቱት እንደሆነ ደግሞ ውኃው ተበታትኖ የማንኛውንም መሬት ሳያረሰርስ ያልፋል። ስለዚህ ውኃውን በተራ መካፈል፣ ተራውንም የሚያስከብር ሰው መሰየም ግድ ይሆናል።

የራዲዮ ሞገድም ጠባዩ ይኸው ነው። ሞገዱን ማንም አልፈጠረውም፤ አጥር ሊያጥርበትም የሚችል የለም። ነገር ግን ሁለት ጣቢያዎች በአንድ አካባቢ በአንድ ሞገድ ላይ ባንድነት የተናገሩ እንደሆነ ሁለቱም አይሰሙም። በመካከለኛው ሞገድ በኛ የዓለም ክፍል በአንዱ ጣቢያና በሌላው መካከል የተወሰነው ርቀት 9 ኪሎኸርዝ ነው። ዛሬ በከተማ የሚደመጠው ኤፍ ኤም የሚባለው አሠራር ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ጠባብ ክልል የተወሰነ ስለሆነ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ያለ መደነቃቀፍ ሊሠሩ የሚችሉት ጣቢያዎች ቁጥር ውሱን ነው። እንግዲህ ፈቃድ ማለት በመሠረቱ የውኃ ተራ ማለት ነው። ተራ ሰጪው ወገን ውኃውን የሚጠብቀው ለባለማሳዎቹ ሁሉ እንጂ ለራሱ ቦይ ብቻ እንዳልሆነ ግን ከመጀመሪያው ሊታወቅ ይገባል።

ይህን ትምህርት የሠለጠኑት አገሮችም ያገኙት በችግር ነው። እንግሊዞች የራዲዮ ቴሌግራፍን በፈቃድ እንዲሠራ ያደረጉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ነበር። አሜሪካኖች ግን ነገሩን ቸል ብለውት ቆይተው፣ ታይታኒክ የተባለችው መርከብ በ1912 ሰጥማ ከ1,500 የሚበልጡ ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ አየሩ በግለሰቦች መልእክትና በተሳሳተ ወሬ ተጨናንቆ ስለ ተገኘ በዚያው ዓመት የፈቃድ ሕግ አወጡ። ሕጉ ጣቢያ የሚያቆም ሁሉ ፈቃድ እንዲጠይቅ ቢያዝም፣ ጠያቂውን ለመከልከል ወይም በአንድ ሞገድ ለመወሰን ለሹሙ በቂ ሥልጣን አልሰጠም ነበር። ይህም ጉድለት በ1926 በፍርድ ቤት በታወቀ ጊዜ ባለጣቢያዎቹ እንደ ወደዱ ከሞገድ ወደ ሞገድ እየዘለሉ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሸፍን ጀመር። ሥርዓት የተመለሰው በ1927 ሌላ ሕግ ወጥቶ፣ ሞገዱ የሕዝብ እንደሆነ፣ ባለፈቃዱም ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲገለገልበት ከተደነገገ በኋላ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1922 የራዲዮ መሣሪያ ሠሪዎች ተባብረው ቢ ቢ ሲን ካቋቋሙ በኋላ፣ ድርጅቱ በ1927 በንጉሣዊ ቻርተር የሕዝብ ድርጅት ሆነ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የራዲዮ ሥራ በይፋ የተከፈተው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአቃቂን ጣቢያ በጥር ወር 1927 ዓ.ም በመረቁ ጊዜ ነው። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ ነበር። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ የዚያው አገር ጦር አዲስ አበባ መግባቱን ስናስብ፣ የታሪክን አካሄድ ማድነቅ እንገደዳለን። አቃቂ የመንግሥት ንብረት ስለ ነበር ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሚሰጥም ክፍል አላስፈለገም። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ መነን ስለ አገራቸው መብት ለውጭው ዓለም የተናገሩት፣ የውጭ አገር ጋዜጠኞችም የጦርነቱን ወሬ ወደየአገራቸው ያስተላለፉት በዚህ ጣቢያ ነው።

በዚያው ጦርነት የራያ አገር ስለ ራዲዮ አንድ መራራ ትምህርት ሰጥቶናል። ንጉሠ ነገሥቱ በሰሜን ግንባር ሳሉ ከአዲስ አበባ ጋራ የሚገናኙት በራዲዮ ቴሌግራም ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም በማይጨው ታላቁ ውጊያ በተደረገ ጊዜም ስለ ውሎው ለእቴጌይቱ መልእክት ላኩ። ይሁን እንጂ የጠላት ጦር የጽሕፈቱን ምስጢር እየፈታ መልእክቶቹን ይጠልፍ ስለ ነበር፣ ይህን ቴሌግራም ማርሻል ባዶሊዮ እጅ አስገብቶ ኋላ ስለ ጦርነቱ በጻፈው መጽሐፍ አሳተመው። ከዚህ የምንረዳው ሞገድ የላኪውን ድንበር የማያውቅ መሆኑን ነው። አየር ላይ የወጣ ቃል ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ይሰማል። ዓለም ሁሉ ስለ ሞገድ ተስማምቶ ደንብ ያወጣበት፣ ለየአገሩም የጥሪ ምልክት ያከፋፈለበት ምክንያት ይኸው ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች መለያ በላቲን ፊደል ኢ እና ቲ ብሎ የሚጀምረው በዚሁ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ነው።

ከነፃነት በኋላ የራዲዮ ሥራ ባነስተኛ ማሠራጫ እንደገና ተጀመረ። በ1945 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም ስለ ስልክ፣ ስለ ቴሌግራፍና ስለ ራዲዮ መገናኛ ኀላፊነት ያለው የራሱ መሥሪያ ቤት ተገኘ። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ የመናገርና የጋዜጣ ነፃነት በሕግ መሠረት የተጠበቀ መሆኑን ደነገገ። «በሕግ መሠረት» የሚለው ቃል ሁለት ፊት ያለው ነው፤ መብቱን የሚያጸናም፣ የሚያጠብም ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ያለው ሕጉን በሚያወጣውና በሚያስፈጽመው እጅ ነው።

በአገራችን የጣቢያ ፈቃድ ጥያቄ በእውነት የተፈተነበት የመጀመሪያው ታላቅ ጉዳይ የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ነው። በ1950ዎቹ መግቢያ የውጭ አገር የክርስቲያን ድርጅቶች፣ ከአዲስ አበባ ወደ አፍሪቃና ወደ እስያ የሚሰማ ጣቢያ ለማቆም መንግሥትን ጠየቁ። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። ጣቢያው የሚቆመው በኢትዮጵያ ምድር፣ የሚናገረው ግን በብዙ ቋንቋ ለብዙ አገር ሕዝብ ነው። ባለጉዳዮቹ ከውጭ የመጡ፣ እምነታቸውም ከአገሩ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የተለየ ነው። መንግሥትም መርምሮ በ1952 ዓ.ም ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ፈቃድ ሰጠ፤ ሌሎቹ ጠያቂዎችም የየራሳቸውን ጣቢያ በማቆም ፈንታ በዚሁ ጣቢያ የአየር ጊዜ ተካፋይ ሆኑ። ጣቢያው እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ኃይል ያላቸውን ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ይዞ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም ሥራውን ጀመረ። ከፕሮግራሙም ከመቶ 30ው ለሃይማኖት፣ ከመቶ 70ው ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሳሰለው እንዲውል ተደረገ።

ክቡራን አንባብያን፤ በዚህ ፈቃድ አሰጣጥ ውስጥ ለዛሬው መሥሪያ ቤት የሚጠቅም አሠራር ይገኛል። መንግሥት ጠያቂዎቹ ባዕዳን ናቸው ብሎ በሩን አልዘጋም፤ እንደ ወደዳችሁ ተናገሩ ብሎም አልለቀቀም። ጠያቂዎቹን አስማማ፤ ሥራውም በታወቀ መስመር እንዲሄድ አደረገ። ጣቢያው 14 ዓመት ከሠራ በኋላ ግን መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም ደርግ ወርሶት የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። የባለፈቃዱ መብት በፍርድ ሳይመረመር በአንድ ቀን ትእዛዝ አለፈ። ሰጪው በፈለገ ጊዜ የሚነጥቀው ከሆነ ፈቃድ የመብት ሰነድነቱ ቀርቶ የቸርነት ወረቀት ይሆናል። በቸርነት የሚኖር ባለጣቢያም ሰጪውን የሚያስቀይም እውነት ከአፉ እንዳይወጣ ሲጠነቀቅ ይኖራል።

ይህ ጥንቃቄ የሚያስከትለውን ዋጋ ከማንም በላይ የሚያውቀው የራያ ሕዝብ ነው። በ1965 ዓ.ም ዝናሙ ቀርቶ የወሎ ቆላና ወይናደጋ በረሀብ በተመታ ጊዜ፣ የራያና ቆቦ አውራጃ ከተጎዱት ግንባር ቀደም ነበረ። ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ ከዚያም የቤቱን ዕቃ ሸጠ፤ በመጨረሻም ልጆቹን ይዞ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። የመንግሥት ራዲዮ በየቀኑ ይናገር ነበር፤ ስለዚህ ነገር ግን ጎላ አድርጎ አልተናገረም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው በአዲስ አበባ ቢያሳዩም በአየር ላይ አልወጣም። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ፣ የለንደን ሕዝብ ስለ ወሎ ያወቀው ነገር የአዲስ አበባ ሕዝብ ከራሱ ማሠራጫ ከሰማው ይበልጥ ነበር። ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ቀን ዋዜማ ነው። ያን ጊዜም የቀረበው ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋራ ተዳብሎ ስለሆነ፣ እውነቱ የወጣው ለተራበው ሰው ጥቅም ሳይሆን ለሥልጣን ለውጥ ማገዣ ነበር።

ከ10 ዓመት በኋላም ነገሩ ተደገመ። መስከረም 1977 ዓ.ም ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ሰልፍ ሲያከብር፣ ከቆቦ በስተሰሜን በኮረም የተሰበሰበው ረሀብተኛ በየሌሊቱ ያልቅ ነበር። በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ጉዳዩ በአገር ውስጥ ማሠራጫዎች ተገቢውን ቦታ አላገኘም። ዓለም የሰማው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም ማይክል ቢዩርክ የተባለ የቢ ቢ ሲ ወሬ አቅራቢ ከኮረም ያቀረበው ሪፖርት፣ መሐመድ አሚን ካነሣው ፊልም ጋራ በታየ ጊዜ ነው።

በአማርኛ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለ። ተረቱ ለጎረቤት ጠብና ለሹክሹክታ መልካም ምክር ነው። የራያ ገበሬ ጎተራው ባዶ በሆነበት ዘመን ግን የማሠራጫው ዝምታ ከነቀዝ የከፋ ጉዳት አድርሷል። ይህ ሁሉ ሲሆን የፈቃድን ደንብ የጣሰ ጣቢያ አልነበረም። ሁሉም በየመስመሩ፣ በየሞገዱ፣ በተወሰነለት ሰዓት ይሠራ ነበር። ስለዚህ የፈቃድ ሥርዓት ጥራቱ የሚመዘነው የተከለከለ ነገር ባለመነገሩ ብቻ አይደለም፤ መነገር የሚገባው ሳይነገር መቅረቱም በሚዛኑ ላይ ሊቀመጥ ይገባል።

በሌላ በኩል ደግሞ አድሏዊ እንዳንሆን አንድ ተቃራኒ ምሳሌ እናንሣ። በሩዋንዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 የተከፈተው ሚል ኮሊን የተባለው የግል ራዲዮ፣ በ1994 በተፈጸመው የዘር ማጥፋት ጊዜ ሰው በሰው ላይ እንዲነሣ ሲቀሰቅስ ነበር። ይህ ጣቢያ ከመንግሥቱ ሰዎች ጋራ የተወዳጀና በግልጽ የሚሠራ ነበር እንጂ በጫካ የተደበቀ አልነበረም። ወሎ ከዝምታ የመጣን ጉዳት፣ ሩዋንዳ ከጩኸት የመጣን ጉዳት ያሳዩናል። በሁለቱም ቦታ የጠፋው ለሕዝቡ ተጠያቂ የሆነ፣ ከሹማምንቱ ፍላጎት በላይ የቆመ ተቆጣጣሪ ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪዎች በገበያና በጋብቻ በሚገናኙበት በራያ አገር ይህ ነገር እጥፍ ጥንቃቄ ያሻዋል።

የአገራችን ሕግ ከዚያ ወዲህ ብዙ እርምጃ ተራምዷል። በ1985 ዓ.ም የወጣው የፕሬስ አዋጅ የግል ጋዜጦችን መንገድ ሲከፍት፣ ስለ ራዲዮ ዝርዝር ሕግ የተገኘው በአዋጅ ቁጥር 178/1991 ነው። ይኸውም አዋጅ የብሮድካስት ኤጀንሲን አቋቋመ። በ1998 ዓ.ም ለመጀመሪያዎቹ የግል የንግድ ጣቢያዎች ፈቃድ ተሰጠ፤ ከእነርሱም አንዱ የሆነው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም ሥርጭቱን ጀመረ። ከአቃቂ ምረቃ እስከዚያ ድረስ 73 ዓመት አልፏል። አዋጅ ቁጥር 533/1999 የፈቃዱን ዓይነት የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፈለው። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ደግሞ ሥራውን ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ሰጠ።

ሕጉ እንዲህ ቢሰፋም የቆቦ ገበሬ ምን ያህል ያገኛል? የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ተራራ ይጋርደዋል። ደሴ ላይ የተተከለ ጣቢያ፣ በመንገድ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራሮች ሥር ለተቀመጠችው ቆቦ ያለ ተጨማሪ አስተላላፊ አይደርስም። መካከለኛውና አጭሩ ሞገድ ግን ከሩቅ ይመጣል። በ2013 ዓ.ም መግቢያ የበረሃ አንበጣ ወደ ራያ ቆቦ ገብቶ ሊታጨድ የደረሰውን ማሽላ በበላ ጊዜ፣ የመንጋውን አቅጣጫ በየሰዓቱ በአካባቢው አነጋገር የሚናገር የቅርብ ጣቢያ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማንም ይረዳዋል። እንደዚሁም በ2013ና በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ቆቦን ባገኛት ጊዜ ስልክና መብራት ተቋርጠው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የአካባቢውን ምሰሶና ሽቦ ሳይጠይቅ፣ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ድምፅ ከሩቅ የሚቀበል መሣሪያ ራዲዮ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ናችሁ። የጣቢያ ፈቃድ ማመልከቻ በሁላችሁ ጠረጴዛ ላይ ባይቀርብም፣ ፈቃድ የሚባል ነገር የማያልፍበት መሥሪያ ቤት የለምና የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ለሁላችንም የሚጠቅሙ ይመስለናል።

አንደኛ፤ ለጠያቂው በጊዜው መልስ ይሰጠው። የተከለከለም እንደሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽለት። «ነገ ተመለስ» እየተባለ የሚጉላላ ማመልከቻ መከልከሉ ሳይነገር የተከለከለ ነው፤ ይግባኝ የሚባልበት ውሳኔ እንኳ የለውም።

ሁለተኛ፤ ሞገድ ሲከፋፈል ስለ ዳርቻው አገር ይታሰብ። ነጋዴ ማስታወቂያ ወደሚገኝበት ከተማ መሄዱ አያስነቅፈውም፤ ተራ ሰጪው መሥሪያ ቤት ግን ማስታወቂያ ለማይገኝበት ቆላ ለማኅበረሰብ ጣቢያ የሚሆን ሞገድ አስቀርቶ መጠበቅ፣ ጠያቂም ሲመጣ ማገዝ ይገባዋል።

ሦስተኛ፤ ደንቡ ለመንግሥት ጣቢያም ለግል ጣቢያም አንድ ይሁን። ሰው በሰው ላይ የሚያነሣሣ ቃል ከማንም አፍ ቢወጣ ያስጠይቅ፤ ስለ ረሀብ፣ ስለ ወረርሽኝና ስለ ጎርፍ እውነተኛ ወሬ ያቀረበ ባለፈቃድ ግን ወሬው ሹማምንትን ስላሳፈረ ብቻ ፈቃዱ እንዳይነካበት በሕግም በሥራም ዋስትና ይኑረው። ይህ ዋስትና በ1965 ዓ.ም ቢኖር ኖሮ ዝናሙን አያመጣም ነበር፤ እህሉን የጫነውን መኪና ግን ከብዙ ወራት በፊት ወደ ራያ መንገድ ሊያስወጣው ይችል ነበር።

በማይክሮፎን ፊት የምንቀመጥ እኛም ከዚህ ኀላፊነት ነፃ አይደለንም። ፈቃዱ የተሰጠው ለጣቢያው ቢሆንም፣ በየዕለቱ የሚነበበው ዜና የሚመረጠው በሰው እጅ ነው። ዜናውን የሚመርጥ ሰው ከጽሕፈት ቤቱ መስኮት የሚታየውን ከተማ ብቻ ሳይሆን፣ ማታ ማታ በቆቦ ሜዳ ላይ መሣሪያውን ከፍቶ ስለ ራሱ አገር የሚነገር ነገር እንዳለ የሚጠብቀውን ገበሬም እንዲያስብ በማሳሰብ የዛሬውን ንግግራችንን እንፈጽማለን።